ለአባባ፣ ስለ በረሃው መንገድ

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ልጆቹም ደህና ናቸው። ወገብዎን እንዴት እንዳደረገዎት አልጠይቅም። መልሱን አውቀዋለሁ፤ «ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ነው። እማዬ ግን ነግራኛለች። ሱብሒን በወንበር ሆነው መስገድ ከጀመሩ ወር እንዳለፈዎት፣ ካልሲዎን እሷ እንደምታጠልቅልዎ፣ ያንንም ጎረቤት እንዳያይ በር አዘግተው እንደሆነ ሰምቻለሁ። አይቆጧት፤ ያስለፈለፍኳት እኔ ነኝ።

የምጽፍልዎ በስልክ ሲሆን ቶሎ ስለሚዘጉብኝ ነው። በዒድ ማግስት ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ «ያንን የአሰብ መንገድ አንዴ አይቼው ብሞት» ብለው ነበር። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሰላው ከርሜአለሁ። አሰብ ድረስ አይሆንም። እስከ ሰርዶ፣ ከዚያም ታጥፈን እስከ አፍዴራ ሐይቅ ግን እንሄዳለን፤ እርስዎ፣ እማዬና እኔ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ። ሰኔ ላይ እዚያ ከ45 ዲግሪ በላይ እንደሚነድ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

መጀመሪያ ግን የአምናውን ልናዘዝ። ዓሣ ልንበላ ሐይቅ ከተማ ይዤዎት ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ፣ ልክ ጎማው ላይ ነው ያስቀመጥኩዎት። ከደሴ ሐይቅ ምን አላት ብዬ መንገዱን ናቅኩት። ስንመለስ አንድ እግርዎን መሬት አስነክተው ሌላውን ማውጣት አቃተዎት። የበሩን ጠርዝ ይዘው ቆሙና «ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነው» አሉኝ። ጫማዎን አውልቄ አራገፍኩት፤ ምንም አልነበረበትም። ከዚያ ሦስት ቀን ተኙ። ያቺ የሌለች ጠጠር እስከዛሬ እኔን ትቆረቁረኛለች።

ስለዚህ የአሁኑን በወገብዎ ልክ ነው ያሰናዳሁት። የአጎቴ ልጅ ቪትዙን ሊያውሰኝ ነበር፤ አመሰገንኩና ተውኩት። ዝቅ ያለ መኪና መግባቱም መውጣቱም ማጎንበስ ነው። ራቭ ፎር እከራያለሁ፤ ወንበሩ ከዳሌዎ ጋር እኩል ስለሚሆን መጀመሪያ ጎንዎን ሰጥተው ቁጭ ይላሉ፣ ከዚያ ሁለቱን እግርዎን አንድ ላይ አዙረው ያስገባሉ። የፊት ወንበር የእርስዎ ነው። ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል አደርገውና ወገብዎ ጎድጎድ በሚልበት በኩል ፎጣ ጠቅልዬ አስገባልዎታለሁ። ጋቢ በራሴ ላይ ሞክሬ ነበር፤ በጣም ይወፍራል፣ ወደፊት ይገፋል።

በየአርባ አምስት ደቂቃው እንቆማለን፤ ቢያምዎትም ባያምዎትም። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ መቆየት ወገብን ከመቆም ይልቅ እንደሚጫነው ሲነግረን አብረን ሰምተናል። የእርስዎ ወገብ ደግሞ ኤንትሬ የጭነት መኪና የነዱበት የስንት ዓመት ንዝረት ያለበት ነው። «ደህና ነኝ፣ ሂጂ» የሚባል ነገር አልሰማም። ወርደው አሥር ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ዙህርና ዐስርም በጉዞ ስለሚያጥሩ ጊዜ አይጠብብንም።

የምንቆምበትን ቦታ ግን እርስዎ ይምረጡልኝ። እኔ የማውቀው ካርታውን ብቻ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሚሌ ደግሞ 500 ገደማ። በማለዳ ጋቢ ደርበው ተነሥተው ምሳ ሰዓት ላይ ሸሚዝ ይከብድዎታል። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቀስ ብለን ወርደን ኮምቦልቻ ቁርስ እንበላለን፤ ከዚያ እስከ ሚሌ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ረዳትዎ ጎማ ሲቀይር እርስዎ ሻይ ያፈሉበት የነበረው ግራር ባቲን ካለፉ በኋላ ነው ያሉኝ ወይስ ሚሌ ሊደርሱ ሲሉ? አሁንም ካለ እዚያ እንቆማለን።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ቦርከናን ሳናይ አናልፍም። ሰባት ዓመቴ ሳለ ጋቢናው ውስጥ አስቀምጠውኝ «ይህ ውሃ የት ይሄዳል?» ብዬዎት ነበር። «አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በረሃው ይጠጣዋል» አሉኝ። የዋሹኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ትምህርት ቤት አዋሽ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር ስማር ለክፍሉ ሁሉ አባቴ ድሮ ነግሮኛል አልኩ። ግንቦት 1990 ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መስመር ሲዘጋ፣ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ሲዞር፣ ያ ጋቢና ለእኔም አብሮ ተዘጋ። ስለዚያ ዘመን አውርተው አያውቁም። መንገድ ላይ ካወሩኝ ደስ ይለኛል፤ ካላወሩኝም ዝም ብለን እንሄዳለን።

ሰመራ እናድራለን። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሥተን በሰርዶ በኩል አፍዴራ። አስፋልት ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ የአሰብ ጨው ከቀረ ወዲህ ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨው አብዛኛው ከዚያ ነው። ውሃውን ኩሬ ውስጥ ይለቁታል፣ ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ነጩ ይቀራል። ዳር ላይ ፍል ውሃ አለ። ለብ በሚልበት በኩል ጥቂት ደቂቃ ተነክረው ይወጣሉ፤ ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ክንዴን ይይዛሉ። ሰው ቢያይ ይይ።

ኤርታሌና ዳሎል አንሄድም። እነሱ የእግርና የኮረኮንች ነገር ናቸው፤ እሳቱን በፎቶ እናየዋለን። ድንቅነሽ በ1967 የተገኘችበት ሐዳርም ከመንገዳችን ብዙ ባይርቅም ከአስፋልት ወጥቶ በጥርጊያ መግባት አለበት። አጽሟ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ሲመቸን እዚያ እንጠይቃታለን።

ሁለት ነገር ሳላስቸግርዎ ልበል። የሕመም ማስታገሻዎን፣ ዳይክሎፌናኩን፣ በራስዎ እጅ አይጨምሩ። በዚያ ሙቀት ሰውነት ውሃ ሲያጣ መድኃኒቱ ኩላሊት ይጎዳል፤ ግፊትም አለብዎት። ከመነሣታችን በፊት ሐኪሙን አብረን እንጠይቃለን። ሁለተኛው፣ ያፍሩ ይሆናል ብዬ ነው አስቀድሜ የምጽፈው፣ እግርዎ ቢዝል፣ መቀመጫዎ አካባቢ ቢደነዝዝ፣ ወይም ሽንትዎ አልታዘዝ ቢልዎ ያኔውኑ ይንገሩኝ። ሰመራ አጠገብ ዱብቲ ሆስፒታል አለ፤ በዚያው ቅጽበት ዞረን እንሄዳለን። ጠጠር ነው እንዳይሉኝ።

ባቲን ለመመለሻችን አስቀምጫታለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ገበያው ሲቆም እንድንደርስ። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ሲገናኝ እርስዎ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ሆነው ያዩታል። እማዬ ትገዛለች። «ያዙልኝ» ካለች እኔን ትጥራ።

መሪውን አይነኩም። ቁልቁለት ላይ «ፍሬን አትርገጪ፣ በማርሽ ያዢው» ማለት ግን ይፈቀድልዎታል። ባልፈቅድም ማለትዎ አይቀርም።

ቀኑ ከተስማማዎ ለእማዬ ይንገሯት። ከአሰብ ያመጡት ሰማያዊ ሽርጥ አሁንም ከሣጥኑ ሥር እንዳለ ነግራኛለች፤ እሱን ይዘን እንሂድ። ሣጥኑን ግን እርስዎ ጎንበስ ብለው እንዳይከፍቱት፣ እሷ ታውጣው።

ልጅዎ