የጣና ዳርቻ በግንቦት ውኃ አይለካ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ የጣና ዳርቻ ደንገሉ፣ ታንኳ የሚሠራበት ረጅሙ የውኃ ዳር ተክል፣ እየተነቀለ፣ ድንጋይና ገረጋንቲ እየተደፋ ለሎጅና ለመዝናኛ የሚዘጋጀውን መሬት እንቃወማለን። ሆቴል ይሠራ፣ ወጣቱም ሥራ ያግኝ። ግንባታው እያረፈ ያለው ግን በሐይቁ ገላ ላይ ነው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከልኬት ነው። የጣና ውኃ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል፤ መስከረም ላይ ይሞላል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይደርሳል። ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ይህ ትንሽ አይደለም፤ በመቶ ሜትር አንድ ሜትር ብቻ በሚያዘቀዝቅ ቦታ ውኃው 150 ሜትር ይሸሻል ማለት ነው። በሐይቁ ዳር ባሉት የፎገራና የደምቢያ ሜዳዎች ላይ ከዚያም ይርቃል። ቀያሹ በግንቦት መጥቶ ከውኃው ጠርዝ 50 ሜትር ለክቶ ችካል ቢተክል፣ መስከረም ላይ ችካሉ ውኃ ውስጥ ነው። ባለይዞታውም መሬቴን ውኃ ወሰደብኝ ብሎ አፈር ይሞላል፣ የድንጋይ ግንብ ያቆማል። ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ስላለ ውኃው አይሞላም የሚሉ የ1998 ዓ.ም.ን ክረምት ያስታውሱ፤ ፎገራና ደምቢያ በጎርፍ የተጥለቀለቁት ግድቡ እያለ ነው።

ግንቡም አይበረክትም። ደንገል ማዕበሉን በመካከሉ እያሳለፈ ያበርደዋል። ቀጥ ያለ ግንብ ግን መልሶ ይገፋዋል፤ የተመለሰው ውኃ የግንቡን እግር እየሸረሸረ ያጋልጠዋል። ከሥር ያለው ዋልካ ከሆነ ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ግንቡ ይተረተርና ሌላ ሙሌት ይደፋል።

ከዚህ የሚብሰው የሎጆቹ ፍሳሽ ነው። ከሴፕቲክ ታንክ የሚወጣው ውኃ እንዲጣራ ከማስረጊያው ጉድጓድ ሥር ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ደረቅ አፈር ያስፈልጋል። ሐይቁ ዳር በክረምት የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ መሬቱ ገጽ ስለሚጠጋ ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ሐይቁ ይገባል። የያዘው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እምቦጭ ለተባለው የውኃ አረም ቀለብ ነው። ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያየውን መከራ እያወቅን እዚህኛው ዳር አረሙን መቀለብ ምን ይባላል?

ደንገሉ ሲጠፋ ቆሮሶና አምባዛ የተባሉት ዓሦች መራቢያ ያጣሉ። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉት 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎችም መኖሪያቸው ይህ ሐይቅ ብቻ ነው። ታንኳም ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው በአዲስ ደንገል ይሠራል፤ ደንገል ከሌለ በሐይቁ ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሙያ አብሮ ያበቃል። የደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ከከተማዋ ፊት ለፊት ናቸው፤ ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም ያረፈበት ነው። ገዳማቱ ደናቸውን ለዘመናት ጠብቀው ኖረዋል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ክልልነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር አብሮ በሚጠበቅበት ክልልነት፣ ሲመዘግብ ደኑን፣ ረግረጉንና ሐይቁን አንድ አድርጎ ነው።

ስለዚህ የሚመለከታቸው አካላት የዳርቻውን ወሰን በመስከረም ከፍተኛ የውኃ ልክ ቀይሰው በኮንክሪት ችካል ያስምሩ፤ በከተማው ፕላን ላይም ይስፈር። ይህ እስኪሆን ሙሌት ይቁም። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ያልጸደቀለት ግንባታ አይጀመርም፤ ሰነዱም ለሕዝብ አስተያየት ክፍት መሆን አለበት። በአማርኛ ተጽፎ በየቀበሌው ይቀመጥ፤ ዓሣ አስጋሪውና ታንኳ ሠሪው ከመጽደቁ በፊት ይጠየቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢዎች፣ ባሕር ዳር