ነርቩ ተሰፍቶም አውራ ጣቱ አልነሣ ላለው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ እጅ ጉዳት የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። የተቆረጠ ነርቭ ቶሎ መሰፋት እንዳለበት መጻፋችሁ ትክክል ነው። ጽሑፉ ግን እዚያው ላይ ቆመ። ነርቩ ተሰፍቶለት አውራ ጣቱ አልነሣ ያለው ሰውስ? ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ነገሩ በራሴ ደርሶ ስላየሁት የቀረውን ልጨምር።

መስተዋት የእጅ አንጓዬን ሲቆርጠው የተበጠሰው ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ነበር። አውራ ጣትን ከመዳፍ አንሥተው ከሌሎቹ ጣቶች ፊት ለፊት የሚያቆሙትን ትንንሽ ጡንቻዎች በአመዛኙ የሚያዘው እሱ ነው። ነርቩ ተሰፋ፣ ቁስሉ ጠገገ፣ «ድነሻል» ተብዬ ተሸኘሁ። አውራ ጣቴ ግን ከሌባ ጣቴ ጎን ተለጥፎ ቀረ። ከሥሩ ያለው ሥጋ ሟሽሾ ጎደጎደ። መቀስ እንደ ምንም እይዛለሁ፤ መርፌና የሸሚዝ ቁልፍ ግን ከእጄ ይወድቃሉ።

የተሰፋ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ከ12 እስከ 18 ወር ያለ ነርቭ የቆየ ጡንቻ ደግሞ መልሶ የመሥራት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ይህን የነገረኝ ቆይቶ ያገኘሁት የእጅ ቀዶ ሐኪም ነው። እዚያው ጅማት ማዛወር የሚባል ሕክምና እንዳለ ነገረኝ፤ የሚሠራ ጡንቻን ጅማት፣ ማለትም ጡንቻውን ከአጥንት የሚያያይዘውን ገመድ፣ ወስዶ ሥራው በቆመበት ቦታ መስፋት ነው። ጣቶቻችን ከአውራ ጣት በቀር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት ማጠፊያ ጅማት አላቸው፤ ስለዚህ ከቀለበት ጣቴ ላይኛውን ወስደው በትንሿ ጣት ወገን በኩል አዙረው ከአውራ ጣቴ ሥር ሰፉት። መዞሩ የግድ ነው፤ ስበቱ ከዚያ ወገን ካልመጣ ጣቱ ይታጠፋል እንጂ ዞሮ ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም።

ሕክምናው አዲስ አይደለም። ዶክተር ፖል ብራንድ በህንድ ቬሎር እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሥጋ ደዌ እጃቸው ለሰለለባቸው ሰዎች ጅማት ያዛውሩ ነበር። የአውራ ጣታቸው ጡንቻ ሳይዳብር ለተወለዱ ሕፃናትም ከትንሿ ጣት ጎን ያለው ጡንቻ ይዛወርላቸዋል።

ጀሶው ከተፈታ በኋላ ያለው ግን ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «አውራ ጣትሽን አንሺ» ስትለኝ ምንም የለም። «ተዪው፣ የቀለበት ጣትሽን እጠፊ» አለችኝ። የቀለበት ጣቴን ላጥፍ ሳስብ አውራ ጣቴ ተነሣ! አልቅሻለሁ። ጡንቻው ቦታ ተቀየረ እንጂ የሚያውቀው የድሮውን ትእዛዝ ነው፤ አንጎል አዲሱን ሥራ እስኪለምድ መደጋገም ያስፈልጋል። እኔ የተለማመድኩት ከጠረጴዛ ላይ ቁልፍ በማንሣት ነበር፣ መጀመሪያ የካፖርቱን ትልልቅ፣ በኋላ የሸሚዙን። ዛሬ አውራ ጣቴን ሳንቀሳቅስ ስለ ቀለበት ጣቴ አላስብም።

ሁሉን አይመልስም። የቀለበት ጣቴ ጭብጥ ትንሽ ላልቷል። የጣቶቼ ጫፍ ስሜትም አልተመለሰም፤ ጅማት ማዛወር እንቅስቃሴ እንጂ ስሜት አይሰጥም። ካውያ ስይዝ እጄን በዓይኔ እየተከተልኩ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ቆዳ ከተኮማተረ፣ መገጣጠሚያውም ከደረቀ፣ የተዛወረው ጅማት የሚያንቀሳቅሰው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ጣቱን በሌላው እጁ ዕለት ዕለት እየከፈተ ማሳሳብ አለበት፤ ማታ ማታ የሚታሰር መደገፊያም አለ። «ድነሻል» ያሉኝ ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተኮማተረውን ቆዳ ለማላላት ያን ያህል ባልተሠቃየሁ።

እባካችሁ አንድ የእጅ ቀዶ ሐኪም ጋብዙና ለማን እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚሠራ፣ እስከዚያውም እጅ እንዴት እንደሚጠበቅ በዓምዳችሁ ያስረዱ። ቁስላቸው ድኖ ጣታቸው የቀረ ሰዎች የት ሄደው ምን እንደሚጠይቁ አያውቁም።

አክባሪያችሁ፣
ልብስ ሰፊዋ አንባቢ