ጡረታ ለወጡት ውሾቻችን ቤታችሁን ለከፈታችሁ ሁሉ

ይህ ምስጋና በአላስካ፣ ዊሎው ከሚገኘው የበረዶ ጋሪ ጎታች ውሾች ግቢ ሠራተኞች የተላከ ነው። ዘንድሮ ከውድድር የተሰናበቱት 14 ውሾች ሁሉም ቤት አግኝተዋል። ለተረከባችሁ፣ ቋሚ ቤት እስኪገኝ ላሳደራችሁ፣ ላከማችሁና ላጓጓዛችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ውለታችሁ ከባድ ነው። የሠራችሁትን በዝርዝር የምንጽፈው ከርሞ ውሻ ለመውሰድ የሚያስቡ ሰዎች ከእናንተ እንዲማሩ ጭምር ነው።

በዚህ ሥራ የሚያጣድፈው ጊዜው ነው። አይዲታሮድ የተባለው ታላቁ የውሻ ጋሪ ውድድር በማርች የመጀመሪያው ቅዳሜ አንኮሬጅ ላይ በሥነ ሥርዓት ይከፈትና ወደ ኖም 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። በኦገስት መጨረሻ ንጋቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ደግሞ ውሾቹ ባለ አራት ጎማ ሞተር እየጎተቱ ለቀጣዩ ዓመት ይለማመዳሉ። ቤት የሚፈለገው እንግዲህ በእነዚህ መሀል ነው። ጊዜው ካለፈ፣ ስምንት ዘጠኝ ዓመት የሞላው ውሻ ጓደኞቹ የመጎተቻ ማሰሪያ ሲለብሱ እያየ ከሰንሰለቱ ጋር ይታገላል፣ ያላዝናል፣ ምግቡን ይተዋል። ይህን ላለማየት ስትሉ ፈጥናችሁ ለደረሳችሁልን ምስጋናችን ልዩ ነው።

የእንስሳት ሐኪሞቻችን፣ ክትባትና የኮሶ መድኃኒት በመስጠት ብቻ አላበቃችሁም። ሰንሰለትና ሳህን ሲያኝኩ የኖሩ ውሾች ጥርሳቸው ያልቃል፤ የተሰበረውን ነቅላችሁ የቀረውን አጽድታችኋል። ሴቶቹን ያመከናችኋቸው በእርጅና ማህፀናቸው መግል ቋጥሮ እንዳይገድላቸው ነው። ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ውሾቹን በአዲሱ ቤታቸው ለሚያክሙ ሐኪሞች የጻፋችሁት ማስታወሻ ነው። በሥልጠና ላይ የቆየ የአላስካ ሃስኪ በደሙ ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ከሌሎች ውሾች ዝቅ ይላል፣ ልቡም ሰፊና ቀስ ብሎ የሚመታ ነው። ይህን የማያውቅ ሐኪም ጤነኛውን ውሻ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ሊያስጀምረው ይችላል። ውሻ የተረከባችሁ፣ እባካችሁ ያን ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡት።

በአመጋገብ ረገድ የምክራችንን ክብደት ተረድታችሁልናል። በረጅም ውድድር ላይ ያለ ውሻ በቀን 10,000 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ ግማሽ ያህሉን የሚያገኘው ከስብ ነው። ያው ውሻ ሳሎን ሲገባ፣ ክብደቱ 22 ኪሎ ከሆነ፣ ከ1,000 እስከ 1,200 ካሎሪ ይበቃዋል። ዓይኑ ግን አይጠግብም፤ ሳህኑን ልሶ እንደገና ያያችኋል። ጨክናችሁ በሚዛን የሰጣችሁ፣ የለመደውን የሥጋ ሾርባ በአንድ ጊዜ ሳትነጥቁት ከ7 እስከ 10 ቀን እየቀነሳችሁ በደረቅ ምግብ የተካችሁ፣ ተቅማጥም ውፍረትም አላያችሁም። ሚዛን የሌለው ሰው እጁን በጎኑ ላይ ያሳልፍ፤ የጎድን አጥንቱ ሳይጫኑት ሊዳሰስ ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትዕግሥታችሁን ደግሞ እንዴት አድርገን እንክፈለው? እነዚህ ውሾች ደረጃ አያውቁም። የመስታወት በር አያውቁም። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ሲቆሙ አራቱም እግራቸው ይከፈትና ጥፍራቸውን ለመትከል እየታገሉ ባሉበት ይደርቃሉ። ጎትቶ ከማሻገር ይልቅ ከበሩ እስከ ሳህኑ ምንጣፍ ያነጠፋችሁ ልክ ነበራችሁ። ለሽንት በየሁለት ሰዓቱና ከምግብ በኋላ ወዲያው ወደ ውጭ እያወጣችሁ ያስለመዳችሁትም እንዲሁ፤ ውጭ ለኖረ ውሻ የሶፋ እግርና የግቢው ምሰሶ ልዩነት የላቸውም፣ ቁጣም ለይቶ አያስተምረውም። በአሥር ውሾች መሀል ሲተኛ የኖረ ብቻውን ሌሊቱን አያነጋም፤ ከግቢው የላክነውን ያላጠባችሁትን ጨርቅ አጠገቡ ማንጠፋችሁ ብዙ ረድቶታል።

አንድም ውሻ ሳይጠፋ ወቅቱ ማለቁ የእናንተ ጥንቃቄ ነው። ጋሪ ጎታች ውሻ የተማረው ወደፊት መሮጥን እንጂ «ና» ሲሉት መመለስን አይደለም። ሲደነግጥ ደግሞ ወደ ኋላ አፈግፍጎ አንገቱን ከኮላሩ ያወጣል። ሁለት ገመድ፣ አንዱን ሲሳብ አንገቱ ላይ ከሚጠብቀው ኮላር፣ ሁለተኛውን ከደረት ማሰሪያው ጋር፣ ያለመሰልቸት ያሰራችሁ፣ አጥሩን 1.8 ሜትር አድርሳችሁ ሥሩን ሽቦ የቀበራችሁ፣ ይህንኑ በጋውን አትተዉት። ድመትና ዶሮ ያላችሁም በሩን በእምነት አትክፈቱ፤ ጨዋ የሚመስለው ውሻ ሮጣ የምታመልጥ ዶሮ ሲያይ ሌላ ፍጥረት ነው።

ውሻ ለመለሱልን ሁለት ቤተሰቦች የተለየ ምስጋና አለን። በመመለሳችሁ አዝናችሁ እንደነበር እናውቃለን፤ እኛ ግን አክብረናችኋል። ችግሩን ሳትደብቁ በጊዜ ስለነገራችሁን፣ ከሌላ ውሻ ጋር ብቻ የምትረጋጋዋን ሁለተኛ ውሻ ላለው ቤት ሰጠናት፤ ልጆች የሚያስፈሩት ደግሞ ልጅ የሌለበት ቤት ገባ። ውሻን የሚጎዳው መመለሱ ሳይሆን ማፈር ያስከተለው ዝምታ ነው።

በአላስካ ሃይዌይ በካናዳ በኩል ያጓጓዛችሁ ሾፌሮች፣ በሙቀቱ ሰዓት ቆማችሁ በሌሊትና በማለዳ በመንዳታችሁ፣ ውሃውንም የሥጋ መረቅ ጠብ እያደረጋችሁ በማጠጣታችሁ ውሾቹ በጥሩ ሁኔታ ደርሰዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማረጋገጫውን ብቻ ሳይሆን፣ ከኦገስት 1፣ 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ለሚገባ ለማንኛውም ውሻ የሚጠየቀውን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ቅጽ አስቀድማችሁ ሞልታችሁ መገኘታችሁ ድንበር ላይ ከመጉላላት አድኖናል።

ሲያትልና አካባቢዋ ላላችሁ አንድ አደራ አለን። እዚህ ሳልመን ምግባቸው ነበር፤ እዚያ ግን ጥሬ ሳልመንና ትራውት አታቅምሷቸው። በዓሣው ውስጥ ያለ ጥገኛ ትል የሚያመጣው ባክቴሪያ በሳምንት ገደማ ውስጥ ትኩሳት፣ ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያስከትላል፤ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በወንዝ ዳር የወደቀ ዓሣ ከበላ ምልክቱን ሳትጠብቁ ለሐኪም ንገሩ፤ በጊዜ ከተደረሰበት በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይድናል።

ሐበሻ ጎረቤት ያላችሁ ደግሞ አስረዱልን፤ ውሻው ከራት በኋላ ቀና ብሎ ማላዘኑ ሟርት አይደለም። በግቢው ሁሉም ከበሉ በኋላ አብረው የሚያሰሙት ድምፅ ነው፤ ጠግቧል፣ ደኅና ነው ማለት ነው።

በውሻው ቆዳ ሥር ያለውን የመለያ ማይክሮቺፕ ምዝገባ ገና በስማችሁ ያላዛወራችሁ ሦስት ቤቶች ቀርታችኋል። ውሻው ቢጠፋ ስልክ የሚደወለው ለእኛ ነውና በዚህ ሳምንት ጨርሱልን። የመጓጓዣ ሣጥኖቹንም ልምምድ ሳይጀመር፣ እስከ ኦገስት አጋማሽ ድረስ፣ ታጥበው ብትመልሱልን ሌላ ውሻ ይሄድባቸዋል።

የግቢው ሠራተኞች