ወፍ በስፒከር መጥራት ለምን እንዳቆምን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን ወፍ ለማየት አብራችሁን ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው ወደ ዘጌ ደን የሄዳችሁ ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቃችሁናል። ድሮ አስጎብኚው ስልኩን ከስፒከር ጋር አገናኝቶ የወፉን ድምፅ ሲያሰማ ወፉ አጠገባችን ድረስ ይመጣ ነበር፣ አሁን ለምን ተዋችሁት? የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ ቅር ብሏችኋል። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፣ ሌሊት ተነስቶ፣ በብርድ ጀልባ ተሳፍሮ የፈለገውን ወፍ ሳያይ የተመለሰ ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም። በስልክ ለአንዱ እንዲህ ለሌላው እንዲያ ከምንል ቁጭ ብለን አንዴ ብንጽፈው ይሻላል ብለን ነው ይህን ደብዳቤ የላክንላችሁ።

አዎ፣ አቁመናል። ተመልሰንም አንጀምረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍ የሚጮኸው እኛን ለማስደሰት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ «ይህ ቦታ የእኔ ነው፣ አትጠጉ» እያለ ነው፣ ወይም የትዳር ጓደኛውን እየጠራ ነው። ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ ሲሰማ ሌላ ወፍ ግዛቱ ውስጥ የገባበት ይመስለዋል። ያን ጊዜ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ይመጣል። እየበላ ከሆነ ምግቡን፣ ጎጆ ላይ ከሆነ እንቁላሉን ወይም ጫጩቱን ትቶ ነው የሚመጣው። እኛ ከታች ሆነን «መጣ! መጣ!» እያልን ፎቶ እናነሳለን። እሱ ግን ጠላቱን ፍለጋ ነው የመጣው፣ ጠላቱ ደግሞ የለም። ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። እኛ ስንሄድ ሌላ ቡድን ይደርሳል፣ እዚያው ዛፍ ሥር ያንኑ ድምፅ ያሰማል። ጎብኚ በሚበዛበት በጥር ወር አንድ ጥንድ ወፍ በቀን ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ሊጠራ ይችላል። እሱ ሲንከራተት ጎጆው ባዶ ነው። ጫካው ውስጥ ደግሞ ጭላት አለ፣ ቁራ አለ፣ ጦጣም ሞልቷል።

ይህን ከመጀመሪያው እናውቅ ነበር ብንላችሁ ውሸት ይሆናል። እኛም ለዓመታት አድርገነዋል። ያስቆመን ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የገጠመን ነገር ነው። ወደ ኡራ ኪዳነ ምህረት ገዳም ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። እዚያ ሾላ ላይ ቱራኮ የሚባሉ ነጭ ጉንጭ ያላቸው ሁለት ወፎች አይጠፉም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ድምፁን ባሰማን በደቂቃ ውስጥ ይመጡ ነበር። ከዚያ መዘግየት ጀመሩ። የዚያን ቀን አሥር ደቂቃ ሙሉ አሰማን፣ የመጣ የለም። አስጎብኚያችን ድምፁን ጨመረው። ቅርብ ቡና ሲለቅሙ የነበሩ አንድ አባት ጩኸቱን ሰምተው መጡና ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቁን። ነገርናቸው። ወፎቹ እኮ ከእናንተ ሸሽተው ወደዚያ ማዶ ከሄዱ ሰነበቱ አሉን። ቁጣም አልነበረባቸውም፣ እንዲሁ የሚያውቁትን ነገሩን። እውነት ለመናገር ሾላው ፍሬውን ጨርሶም ሊሆን ይችላል፣ በእኛ ብቻ ነው የሄዱት ብለን አንምልም። ግን ስፒከሩን ዘግተን ስንመለስ ጀልባ ላይ ማንም አላወራም። በማግስቱ ተሰብስበን ወሰንን።

ስለዚህ ወፍ ትንሽ እናውራ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ የምትመጡት እሱን ብላችሁ ነው። ይህ ቱራኮ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ እምብዛም አይገኝም። ሰውነቱ አረንጓዴ ነው፣ ጅራቱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ዓይኑ ዙሪያ ቀይ ነው፣ ጉንጩ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ቅጠል መሃል ቁጭ ካለ ፊት ለፊታችሁ ሆኖም ላታዩት ትችላላችሁ። ሲበር ግን ክንፉ ይከፈትና ደም የመሰለ ቀይ ብልጭ ይላል። ይህ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ አለው። አዎ፣ የድስቱ መዳብ! ወፉ ከሚበላው ፍሬ የሚያገኘውን መዳብ ላባው ላይ ያኖረዋል። አረንጓዴውም ቢሆን እንደ ብዙዎቹ ወፎች የብርሃን ጨዋታ ሳይሆን እውነተኛ ቀለም ነው። ሌላው ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጦጣ ይሮጣል። ቀና ብላችሁ ቅርንጫፍ ላይ የሚሮጥ ነገር ካያችሁ ጦጣ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ሁለተኛው የዘጌ ባለ ዝና የእርኩም ዘመድ ነው። እርኩምን መሬት ላይ ሲንጎራደድ የምታውቁት ናችሁ። ሆርንቢል የሚባለው ይህ የዘጌው ዘመዱ ግን ዛፍ ላይ ነው የሚኖረው፣ ጉንጩ ብርማ ነው፣ አፉ ላይ ትልቅ ቀንድ የመሰለ ነገር ተሸክሟል። ከማየታችሁ በፊት ክንፉን ትሰማላችሁ፣ ከሩቅ ሹ ሹ እያለ ነው የሚመጣው። እንቁላል የመጣል ጊዜ ሲደርስ ሴቷ ያረጀ ዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። በሩም በጭቃ ይደፈናል፣ አፏን የምታወጣበት ስንጥቅ ብቻ ይቀራል። ከሦስት ወር በላይ እዚያ ውስጥ ትቆያለች። ይህን ሁሉ ጊዜ እሷንም ጫጩቷንም የሚመግበው ወንዱ ነው፣ ፍሬ በጉሮሮው ሞልቶ እያመጣ በስንጥቁ ያቀብላል። አሁን አስቡት፣ ይህን አባወራ በስፒከር ጠርተን ግማሽ ቀን ብናንከራትተው ውስጥ ያሉት ምን ይሆናሉ?

እዚህ ላይ አንድ እርማት አለን። በድሮው ማስታወቂያችን ላይ «በዝናባማው የዘጌ ደን» ብለን ጽፈን ነበር፣ ትክክል አልነበረም። የዘጌ ደን ክረምት ላይ ዝናቡን ጠጥቶ ከዚያ ለወራት በደረቁ የሚከርም የወይና ደጋ ደን ነው። እውነተኛው ዝናባማ ደን ያለው ደቡብ ምዕራብ ነው፣ ካፋ፣ ሸካ፣ ያዩ። እዚያ አብዛኛውን ዓመት ይዘንባል፣ ግንዱ ሁሉ ሽበት አብቅሏል፣ ጫካው ከመጥቆሩ የተነሳ በእኩለ ቀን እንኳ ይጨልማል። ካፋ በ2002 ዓ.ም. ጣና ደግሞ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ (ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ቦታ) ተብለው ተመዝግበዋል። ካፋ ውስጥ ወዳለችው ቦንጋ የምናደርገውን ጉዞ የያዛችሁም ይህን እወቁልን፦ ቱራኮውም ሆርንቢሉም እዚያ አሉ፣ ግን ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማየት ከዘጌም ይከብዳል። እዚያም ቢሆን ስፒከር የለም።

ታዲያ ካልጠራናቸው እንዴት ነው የምናሳያችሁ? በሾላ ነው። ሾላና ዋርካ ሁሉም በአንድ ጊዜ አያፈሩም። አንዱ ሲያፈራ ጎረቤቱ ባዶ ነው፣ እሱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ስለዚህ ጫካው ውስጥ የሆነ ቦታ የበሰለ ፍሬ አይጠፋም፣ ፍሬ ካለ ደግሞ ወፉ ራሱ ይመጣል። የዘጌ ልጅ የሆነው አስጎብኚያችን ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ዞሮ የትኛው ዛፍ እንደደረሰ ያያል። እናንተ ስትመጡ በቀጥታ እዚያ ዛፍ አካባቢ ትሄዳላችሁ፣ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ዝም ትላላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ይከብዳሉ፣ እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ግን ጫካው እናንተን ይረሳችኋል። አንድ እናት ባለፈው ወር ከልጆቻቸው ጋር መጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይነቃነቁ ተቀምጠው ሦስት ቱራኮ ፍሬ ሲለቅሙ አዩ፣ ያውም በሰላም ሲበሉ ነው ያዩአቸው። በስፒከር የተጠራ ወፍ እንዲህ አይታይም፣ ደንግጦ መጥቶ ደንግጦ ነው የሚሄደው።

ይህ አሠራር አንዳንድ ነገር ቀይሯል። በአንድ ጉዞ የምንወስደው ስድስት ሰው ብቻ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰው ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልም፣ ሞክረነዋል። የጀልባው ነዳጅ ለስድስትም ለአሥራ ሁለትም ያው ስለሆነ ዋጋው የጨመረው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም። መነሻችንም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ወፉ ጠዋት ነው የሚበላው፣ ሐይቁም ጠዋት ነው የሚተኛው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጣና ምን እንደሚመስል የገጠማችሁ ታውቁታላችሁ። ደግሞ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ላይ መሆን ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ከደንገል በተሠራ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ ፔሊካኖች ተሰልፈው ያልፋሉ፣ ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ድንገት ውኃው ውስጥ ይወረወራል። ጀልባው ላይ እንቅልፍ አትተኙ።

ልብሳችሁ ደብዛዛ ቀለም ያለው ይሁን፣ ቡኒ፣ አመድማ፣ አረንጓዴ። ነጠላ የምታደርጉ እናቶችና እህቶች ነጠላችሁን በቦርሳ ያዙት፣ ገዳሙ በር ስንደርስ ትለብሱታላችሁ። ነጭ ነገር ጫካ ውስጥ ከሩቅ ይታያል። ባይናኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ከሌላችሁ እኛ አለን።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናችኋለን። እኛ ስፒከሩን ዘግተን እናንተ በስልካችሁ ድምፅ ብታሰሙ ምንም አልሠራንም ማለት ነው። ስልኩ ወፉን ሰምቶ ስሙን የሚነግራችሁ አፕ ካላችሁ ተጠቀሙበት፣ ማዳመጥ ችግር የለውም። መልሶ ማሰማት ነው ችግሩ። ጥሩ ፎቶ ፈልገው ተጨማሪ እንክፈልና አንዴ ብቻ አሰሙልን ያሉን ባለ ካሜራዎች ነበሩ። አልተቀበልንም፣ ወደፊትም አንቀበልም። ከሌሎች አስጎብኚዎች ጋርም እየተነጋገርን ነው። ዛፉ የጋራ ስለሆነ እኛ ብቻችንን ብናቆመው በቂ እንዳልሆነ ይገባናል።

ዘጌን ስለምንወድ ነው ይህን ሁሉ የምንለው። ዘጌ ላይ በበሬ ማረስ ክልክል ነው። ከጥንት የገዳማቱ ሥርዓት ነው፣ ሕዝቡም ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። ቡናው የሚበቅለው በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሆነ ቡናውም ደኑም አብረው ቆዩ። እንዲያም ሆኖ ዛፍ ይቆረጣል፣ እንጨት በታንኳ ተጭኖ ወደ ከተማ ሲሄድ ኖሯል። ሆርንቢል ጎጆ የሚሠራበት ሆድ ያለው አሮጌ ግንድ ደግሞ አንዴ ከወደቀ በእኛ ዕድሜ አይተካም። ከእናንተ ከምንቀበለው ገንዘብ ውስጥ ለቡና አፍሊዎቹ፣ ለአካባቢው አስጎብኚዎችና ለገዳሙ መግቢያ የሚከፈለው እዚያው ዘጌ ላይ ይቀራል። ዛፉ ቆሞ እያለ ገቢ እንደሚያስገኝ ባለቤቱ ሲያይ መጥረቢያውን ለማንሳት ያመነታል። ስለዚህ ከወፉ በኋላ ቡናውን ሳትጠጡ ለመመለስ አትቸኩሉ፣ ሦስተኛውን ጠብቁ።

ወፉ ይታያል ብለን ቃል አንገባም። ብዙ ጊዜ ይታያል፣ አንዳንዴ አይታይም። ሳይታይ ለቀረ ገንዘብ አንመልስም። ነፋስ ወይም የመንገድ ሁኔታ ከልክሎን ካልወጣን ግን ሙሉውን እንመልሳለን፣ ወይም ቀኑን እናዛውርላችኋለን፣ ምርጫው የእናንተ ነው።

ለመጪው ቅዳሜ ሁለት ሰው ቦታ አለን። ኡራ መንገድ ላይ ያለው ሾላ ገና ጥሬ ነው። ከሱ በታች ወደ ሐይቁ ያለው ዋርካ ግን መቅላት ጀምሯል፣ ትናንት ጠዋት አንድ ቱራኮ እዚያ እንደነበር አስጎብኚያችን ነግሮናል።

አክባሪዎቻችሁ፣
የጉዞው አዘጋጆች
ባህር ዳር