ለስፓኒሽ ጥናት ቡድናችን አባላት፦ የቅዳሜው ዝግጅት

ውድ የቡድናችን አባላት፣

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንደ ወትሮው አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ እንገናኛለን። ቃላት በመሸምደድ ብቻ የምንገፋበት ደረጃ አልፏል፤ አሁን የሚፈትነን የግሱ መልክ ነው። «ክሬኦ ኬ ቢዬኔ» ስንል ሰውየው እንደሚመጣ እናምናለን። «ኖ ክሬኦ» (አላምንም) ብለን ከጀመርን ግን ግሱ «ቤንጋ» ይሆናል፤ ጥርጣሬም ምኞትም ይህንኑ መልክ ይጠራሉ። በጽሑፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የሚያመልጣችሁ ስትናገሩ ነው። ስለዚህ እባካችሁ ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ።

የቤት ሥራው ስለ ሜክሲኮ አደባባይ ነው። ብዙዎቻችን ታክሲ የምንቀይርበት ይህ ቦታ ስያሜውን ያገኘው ሜክሲኮ የፋሺስት ጣሊያንን ወረራ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለተቃወመች ነው። በሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ የሜትሮ ጣቢያ አለ። «ሜክሲኮ ባትቃወም ኖሮ» ብላችሁ ጀምሩና አንድ ገጽ በስፓኒሽ ጻፉ። የ«ኖሮ»ን ሐሳብ በትክክል መግለጽ የቻለ ተማሪ የሰዋስውን ትልቁን ዳገት ወጥቷል፤ ይህን ከልቤ አምናለሁ።

ዴሌ ቢ2 የተባለውን የስፓኒሽ ቋንቋ ችሎታ ፈተና ለመውሰድ ያሰባችሁ ይህን ልብ በሉ፦ ንባብና ጽሑፍ አንድ ላይ፣ ማዳመጥና ንግግር አንድ ላይ ይደመራሉ፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ ከ50 ቢያንስ 30 ያስፈልጋል። የአንዱ ብልጫ የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የብሔራዊ ፈተናው ጫና ይገባኛል፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ኑ። መቅረት ግድ የሆነባችሁ ጽሑፋችሁን እስከ ዓርብ ማታ ላኩልኝ።