የቤትህን ቁልፍ መልሼልሃለሁ

ልጄ፣

ባለፈው ቅዳሜ አንተ ሥራ ላይ እያለህ ቤትህ ገብቼ ወጥ ቤትህን ሳስተካክል ዋልኩ። ብርጭቆዎቹን አጥቤ፣ አድርቄ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው። ማታ ደውለህ «እማዬ፣ ዛሬ ውሃ የጠጣሁት በሾርባ ሳህን ነው» ስትለኝ መጀመሪያ አልገባኝም። ከዊልቸርህ ላይ ሆነህ እጅህ እዚያ እንደማይደርስ፣ 26 ዓመት ያሳደግኩህ እናትህ ረሳሁት። አልተቆጣኸኝም። እኔን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቁልፍህን ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልህ ለዚህ ነው።

«ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ አፓርትመንት አግኝቻለሁ፣ ብቻዬን ልኖር ነው» ያልከኝ ቀን ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ። «ምነው፣ እኔ ሞቻለሁ?» ነበር መልሴ። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ሴቶችም «ልጅሽን ለባዕድ ሰጠሽው?» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እኔ ራሴ ሆም ኬር ሠራተኛ፣ ቤት ለቤት እየሄድኩ ሰው የምረዳ ነኝ እኮ! 11 ዓመት የሰው አባት ሳጥብ፣ ሳለብስ፣ ሳበላ ኖሬያለሁ። አንተን የሌላ እናት ልጅ ያጥብሃል ሲሉኝ ግን ደሜ ፈላ።

ልቤን የቀየረው ያ በረዶ የጣለበት ማክሰኞ ነው። ጠዋት በ1 ሰዓት መምጣት የነበረበት ረዳትህ ቀረ። የላከው ኤጀንሲ ስልክ አያነሳም። እስከ 5 ሰዓት አልጋህ ላይ ተኝተህ በስልክህ ተጠባባቂ ረዳት ፈለግህ፣ አገኘህ፣ ተነሳህ። ለእኔ የነገርከኝ ማታ ነው። «ለምን አልደወልክልኝም?» ብዬ ጮህኩብህ። «ብደውልልሽ ጥለሽ ትመጪ ነበር። ያኔ ደግሞ የአንቺ ሽማግሌ አልጋው ላይ ይቀራል» አልከኝ። አባቴ፣ የምለው ጠፋኝ። እኔ ለአንተ ብቻ ስጨነቅ አንተ እኔ የማነሳቸውን ሰውዬ ታስብ ነበር።

ስለዚያች አሜሪካዊት እናት ስለ ዞና ሮበርትስ የነገርከኝም ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጇ ኤድ በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። ስፖርትና መኪና መንዳት አልተማረም ብለው የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማውን ሊከለክሉት ሲሉ ተሟግታ አሰጠችው። በኋላ ግን ልጁ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያም ሸሚዙን የሚያለብሰው ሰው ነበረው፤ ማን እንደሚያለብሰው፣ መቼ እንደሚለብስ የሚወስነው ግን እሱ ነበር። እሱና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1972 በርክሌይ ውስጥ ያቋቋሙት፣ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት ማዕከል፣ ለዛሬዎቹ መሰል ማዕከላት ሁሉ መነሻ ሆነ። እኔ ዞናን የማስባት ለዲፕሎማው ስትሟገት አይደለም። ልጇን ለሌሎች እጅ ትታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው የማስባት።

ሌላም ነገር ልንገርህ። ሴቶቹ «መንግሥት ሲረዳው ነው» ሲሉ አንተ አንገትህን እንዳትደፋ። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ሴቶች ሎይስ ከርቲስንና ኢሌን ዊልሰንን አስብ። ሐኪሞቻቸው «ውጭ መኖር ይችላሉ» እያሉ ሆስፒታል ውስጥ ተቀምጠው ቀሩ። ከስሰው እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደረሱ። ያለ በቂ ምክንያት ሰውን ከኅብረተሰቡ ለይቶ ማስቀመጥ አድልዎ ነው ተብሎ ተፈረደላቸው። የአንተ ረዳት በየጠዋቱ በርህን የሚያንኳኳው እነሱ ባስከበሩት መብት ነው፤ ምጽዋት አይደለም።

አሁን ደግሞ እንደ ሙያተኛ ልምከርህ። አዲስ ረዳት ሲመጣ «እንደፈለግክ አድርግ» አትበል። ልብስ ስትለብስ ደካማው እጅህ ቀድሞ ይግባ፣ ሲወልቅ ደግሞ መጨረሻ ይውጣ። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ከመዛወርህ በፊት ፍሬኑ መያዙን አንተ ራስህ እይ። ሳይነግርህ የሚያነሳህን ሰው «ቆይ» በለው። ስሙን ጥራው፣ ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠይቀው፤ ብዙዎቻችን ከሌላ ሺፍት ነው የምንመጣው፣ ክፍያውም ትንሽ ነው። ለረዳትህ ከሚከፍልልህ የመንግሥት የጤና መድን፣ ከሜዲኬይድ፣ የሚመጣ ፖስታ ሳትከፍተው አይደር። በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ አንድ ወረቀት ቢያልፍህ ረዳትህም ሊቋረጥብህ ይችላል። ይኼን ከምንም በላይ እፈራለሁ።

ለፋሲካ ስትመጣ ሜትሮአክሰስን፣ የአካል ጉዳተኞቹን መኪና፣ ከዋዜማው በፊት ያዝ። እኔ መጥቼ ልውሰድህ ልል ነበር፣ ተውኩት።

ብርጭቆዎቹን ረዳትህ አውርዶልሃል ብለኸኛል፣ እግዜር ይስጠው። ቅዳሜ ሽሮ በትንንሽ ዕቃ አድርጌ አመጣለሁ። በሩን አንኳኩቼ እጠብቃለሁ። የፍሪጁ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደማስቀምጠው አንተ ትነግረኛለህ።

እናትህ