ቀን ከመቁጠር ድንጋይ መገልበጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሰው ሠራሽ ዝንብ (ነፍሳት አስመስሎ በተሠራ መንጠቆ) ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ለሚያጠምዱ ሰዎች የሚወጡ ምክሮች አብዛኛውን ጊዜ «ይህ ነፍሳት በዚህ ወር፣ በዚህ ሳምንት ይወጣል» የሚል ሰንጠረዥ አላቸው። ሰንጠረዡን አምነው የሄዱ ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ አይገርምም፤ ነፍሳቱ የሚቆጥሩት ሙቀትን እንጂ ቀንን አይደለምና።

መውጣት ሲባል ከእንቁላል መፈልፈል አይደለም። ትራውት ከሚመገባቸው ነፍሳት አንዱ የሆነው ሜይፍላይ ዕድሜውን ከሞላ ጎደል በውኃ ሥር በዕጭነት ያሳልፍና ክንፍ አውጥቶ ወደ አየር ይነሣል፤ ዓሣው ላይ ላዩን የሚበላው ያን ጊዜ ነው።

በወንዙ ዳር የሚያብብ ቁጥቋጦ ጥሩ ምልክት የሚሆነው እርሱም እንደ ነፍሳቱ በተጠራቀመ ሙቀት ስለሚያድግ ነው። በአሜሪካ «ሊላክ» የተባለው የአበባ ቁጥቋጦ የሚያብብበት ቀን ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጸደይ መለኪያ ሆኖ ሲመዘገብ ኖሯል። የነፍሳት ተመራማሪው አንድሩ ሆፕኪንስም በ1918 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ስሌት መሠረት፣ ከፍታ በ120 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር ጸደይ አራት ቀን ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ታች ያመለጠ ሰው ሽቅብ ወጥቶ ያንኑ ነፍሳት ሊያገኝ ይችላል። ይሁንና አበባው የሚነግረን ሳምንቱን ብቻ ነው። ከግድብ ሥር ቀዝቃዛ ውኃ በሚለቀቅበት ወንዝና ከምንጭ በሚነሣ ጅረት ደግሞ ያሳስታል፤ የውኃው ሙቀት ከአየሩ ጋር እኩል አይሄድምና።

ሰዓቱን የሚነግረን ቴርሞሜትር ነው። ጥላ ባለበት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ፣ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። ንባቡም ውኃው ውስጥ እንዳለ ይወሰድ፤ ካወጡት በኋላ አየሩ ይለውጠዋል። ብዙዎቹ የጸደይ ሜይፍላዮች መውጣት የሚጀምሩት የቀትር በኋላው የውኃ ሙቀት ለተከታታይ ቀናት 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ነው። አንድ ሞቃት ቀን አይበቃም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ድንጋዩ ነው። ውኃው እስከ ጉልበት በሚደርስበትና እየተንፎለፎለ በሚወርድበት ቦታ፣ ከሦስት የተለያዩ ስፍራዎች ዐሥር ያህል ድንጋይ ቀስ ብሎ አንሥቶ ሥሩን ማየት ይገባል። የሜይፍላይ ዕጭ ጀርባ ላይ የክንፍ እምቡጥ አለ፤ ቡናማ ከሆነ ገና ነው፣ ጠቁሮና አብጦ ከታየ ግን መውጫው ቀናት ብቻ ቀርተውታል። ካዲስ የተባለው ሌላ የውኃ ነፍሳት ዕጭ ከአሸዋና ከእንጨት ስባሪ የሠራትን ቤት እየጎተተ የሚሄድ ከሆነ ጊዜው አልደረሰም። ቤቷ ድንጋዩ ላይ ተጣብቃ አፏ ከተደፈነ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል ይቆጠር። ስቶንፍላይ የተባለው ሦስተኛው ነፍሳት ወደ ዳር እየዳኸ ስለሚወጣ ጀርባው የተሰነጠቀ ባዶ ገለፈቱን ዳር ባሉ ድንጋዮች ላይ ይተዋል። ድንጋዩን እንደነበረው መልሶ ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ ተገልብጦ ከቀረ ሥሩ ያለው ሊሞት ይችላል።

በድልድይ ሥር ያለ የሸረሪት ድርም ይታይ፤ ትናንት ማታ የወጣው እዚያ ተይዞ ይገኛል፣ የመንጠቆውም መጠን የሚመረጠው ከእርሱ ነው። ሰማዩ ከደመነና ካካፋ ሜይፍላይ ክንፉ ቶሎ ስለማይደርቅ ውኃው ላይ ይቆያል፤ ለአጥማጅ ከጠራ ቀን ይሻላል። ዓሣው ሲነሣ አፍንጫው ታይቶ አረፋ ከተወ የሚበላው ክንፍ ያወጣውን ነው። ጀርባና ጅራት ብቻ ከታየና አረፋ ከሌለ ግን ገና በመውጣት ላይ ያለውን ከውኃው ወለል በታች እየለቀመ ነውና ተንሳፋፊ ዝንብ ቢወረወርለት አይነካውም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለዚህ ጉዳይ ጽሑፍ ሲያወጣ፣ ከቀኑ አጠገብ የውኃው ሙቀት፣ የወንዙ ከፍታና በዚያው ሳምንት ያበበው ተክል አብሮ ቢታተም እንጠይቃለን። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ካለፈም ማጥመድ እንዲቆም አብሮ ይጻፍ፤ በሞቀ ውኃ ኦክስጅን ስለሚያንስ ተይዞ የተለቀቀ ትራውት ላይተርፍ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ